የጀልባ ጩኸትና ንዝረት አቀናነስ፦ ስፖንጅ ከመግዛታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ስለ ሞተር ጩኸት ወሬ ከተነሳ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ስፖንጅ ለጠፍንበት፣ ምንም አልለወጠም።» ሊለውጥም አይችልም። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ደርቆ፣ ሻፍቱ (ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ከመስመር ወጥቶ፣ ፕሮፔለሩ ላይ መረብ ተጠምጥሞ እያለ ሳጥኑን ብትሸፍኑ፣ ጩኸቱ በጀልባው አካል ዞሮ ተሳፋሪው እግር ሥር ይወጣል። መጀመሪያ ንዝረቱን ከምንጩ አቁሙ። ሽፋን የመጨረሻ ሥራ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት በጣና ላይ ሰው ለሚጭኑ፣ ሞተራቸው ውስጥ ለተቀመጠና በሻፍት ለሚሄዱ የናፍጣ ጀልባዎች ነው። ሞተሩ ከኋላ ለሚንጠለጠል ጀልባ መጨረሻ አካባቢ አጭር ክፍል አለ። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። አንዱን ከዘለላችሁ ቀጣዩ ላይ የምታወጡት ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች፦ የመፍቻ ስብስብ፣ ፊለር ጌጅ (ቀጭን ክፍተት የሚለኩ ላሜራዎች)፣ ረጅም ካቻቢቴ፣ ጠመኔ፣ የእጅ ባትሪ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ተንጠልጣይ ሚዛን፣ የድምፅ መለኪያ አፕ የተጫነበት ስልክና ደብተር።

ማስጠንቀቂያዎቹን አትዝለሉ፦

- ሻፍት ወይም ፕሮፔለር ስትነኩ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ሥራውን በሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ።
- ሞተር እየሠራ ስትፈትሹ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ፣ የአንገት ገመድ አውልቁ። የሚዞር ሻፍት ጨርቅ ከያዘ ሰውየውን ይዞ ነው የሚዞረው።
- ከውጭ ያለውን ሥራ፣ ማለትም ፕሮፔለሩንና ኩሽኔታውን፣ ጀልባውን ወደ ዳር አውጥታችሁ ሥሩ። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለማይጠፋ፣ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ፕሮፔለር መፍታት የጀግና ሥራ አይደለም።
- ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተር አጠገብ ከሠራችሁ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሥራ የሚመከር ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ደረጃ 1፦ ለኩ፣ ጻፉ

1. ስልኩን መሐል ያለ ወንበር ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ያዙ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።
2. በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ በዝግታ ሲዞር)፣ ከዚያ በደቂቃ በ1,200፣ በ1,600 እና በ2,000 ዙር ለኩ።
3. እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጻፉ፦ አንዴ በኒውትራል፣ አንዴ ማርሽ ገብቶ ሐይቁ ላይ እየሄዳችሁ።

የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላይሰጣችሁ ይችላል። ለእኛ ሥራ ግድ የለም፤ የምንፈልገው በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ነው። ስልኩ፣ ቦታው፣ ጭነቱ ግን አንድ ዓይነት ይሁን።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እኩል የሚጮሁ ሁለት ምንጮች ካሉና አንዱን ሙሉ በሙሉ ብታጠፉ፣ መለኪያው የሚወርደው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ይህን እንደምንም ቢለየው ነው። ጩኸቱ ግማሽ ሆነ ለማለት 10 ዴሲቤል ገደማ መውረድ አለበት። ስለዚህ አንድ ነገር አስተካክላችሁ ለውጡ ካልተሰማችሁ፣ ሥራው ከሸፈ ማለት አይደለም። ደብተሩን እዩና ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

- በኒውትራል ዙር ስትጨምሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፦ ሞተሩ፣ የመቀመጫ ጎማው ወይም የጭስ ማውጫው ነው። ደረጃ 5፣ 6 እና 7 ላይ ጊዜ ውሰዱ።
- በኒውትራል ሰላም ሆኖ ማርሽ ሲገባ የሚጀምር ከሆነ፦ ፕሮፔለር፣ ሻፍት ወይም አሰላለፍ ነው። ደረጃ 3 እና 4 ላይ ጊዜ ውሰዱ።
- በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ መጥቶ አልፎት ሲሄድ የሚጠፋ ከሆነ፦ አንድ ላሜራ፣ ወንበር ወይም ቧንቧ ከሞተሩ ምት ጋር ገጥሞ እየዘፈነ ነው። ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። እስከዚያው በዚያ ዙር አትጓዙ።

ከመፍታታችሁ በፊት የካቻቢቴውን ጫፍ የሞተሩ እግር ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጥንታችሁ ላይ አስደግፋችሁ አዳምጡ። ከዚያ ጫፉን ከጎማው በታች ወዳለው መሠረት አውርዱት። ከላይ ኃይለኛ፣ ከታች ደብዘዝ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ጎማው እየሠራ ነው። ከላይም ከታችም እኩል የሚያንኳኳ ከሆነ ጎማው አልቋል። ከቺንጋ፣ ከፑሊና ከሻፍት ራቁ።

ደረጃ 3፦ ፕሮፔለርና ሻፍት

1. የተጠመጠመ ነገር አውጡ። ጣና ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እምቦጭ ነው፤ ሁለተኛው የናይለን መረብ። የእምቦጭ ሥር በአንድ ክንፍ በኩል ከተሰበሰበ ሚዛኑን ያዛባል። ናይለን ደግሞ በፕሮፔለሩና በኩሽኔታው መሐል ገብቶ ይቀልጣል። ከላይ ስለማይታይ በእጅ ባትሪ ፈልጉት፣ በስለት ቆርጣችሁ አውጡት።
2. ክንፎቹን ለኩ። የጀልባው አካል ላይ እንጨት አስራችሁ ጫፉን ወደ አንዱ ክንፍ ጫፍ አስጠጉት። ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። ሁሉም ክንፎች በእኩል ርቀት ማለፍ አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከ2–3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለየ ክንፉ ተጣሟል። በመዶሻ አትሞክሩት። አውጥታችሁ ሚዛን ወደሚያስተካክል ባለሙያ ውሰዱ።
3. ከክንፉ ጫፍ እስከ ጀልባው ሆድ ያለውን ክፍተት ለኩ። ቢያንስ ከፕሮፔለሩ ስፋት 10 በመቶ፣ ቢቻል 15 በመቶ ይሁን። ለ40 ሴንቲ ሜትር ፕሮፔለር 6 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ እያንዳንዱ ክንፍ ባለፈ ቁጥር ውሃው ሆዱን ይመታዋል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወንበሩ ላይ ይሰማዋል። መፍትሔው አነስ ያለ ባለ 4 ክንፍ ፕሮፔለር ነው።
4. ሻፍቱን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ጎን አነቃንቁ። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ሻፍት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከተወዛወዘ በውሃ የሚቀዘቅዘው የጎማ ኩሽኔታ አልቋል፤ ቀይሩት። ከግልገል አባይ አፍ አካባቢ የሚሠሩ ጀልባዎች ደለል ስለሚያገኛቸው ይህን ቶሎ ቶሎ ይፈትሹ።

ፕሮፔለሩን መልሳችሁ ስትገጥሙ አንድ ተንኮለኛ ስህተት አለ። ሻፍቱ ላይ ያለው ቁልፍ፣ ማለትም አራት ማዕዘኑ ብረት፣ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩን ከማዕከሉ ያነሳዋል። ዳዶው ጠብቆ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል፤ ንዝረቱ ግን ከበፊቱ ብሶ ቁጭ ይላል። ለማረጋገጥ መጀመሪያ ያለ ቁልፉ ፕሮፔለሩን ሾጣጣው ላይ እስከ መጨረሻው ግፉትና የደረሰበትን በጠመኔ አስምሩ። ከዚያ ከቁልፉ ጋር ግጠሙት። ምልክቱ ጋ ካልደረሰ ቁልፉን በሞረድ ዝቅ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ሞተሩንና ሻፍቱን አንድ መስመር ላይ አምጡ

ብዙ ጊዜ የሚፈጀው፣ ብዙ ሰውም የሚያበላሸው ደረጃ ይህ ነው። ግማሽ ቀን መድቡለት። የመቀመጫ ጎማው ያለቀ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃ 5ን ሠርታችሁ ተመለሱ። በደረቅ መሬት ላይ ያለ ጀልባ ቅርጹ ውሃ ላይ ካለው ስለሚለይ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ወርዶ ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ብቻ ሥሩት። የነዳጅ ታንኩ ግማሽ ያህል ይኑረው።

1. የካምቢዮውንና የሻፍቱን ፍላንጅ (ጫፋቸው ላይ ያለውን ክብ የማገናኛ ብረት) የሚያገናኙትን ቡሎኖች ፍቱ። ሻፍቱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ።
2. የተለቀቀው ሻፍት በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል። በዚህ ሁኔታ ከለካችሁ ልኩ ሐሰት ነው። በተንጠልጣዩ ሚዛን ያዙትና ከመጨረሻው ኩሽኔታ ወዲህ የወጣውን የሻፍት ክብደት ግማሽ ከሙሉው የፍላንጅ ክብደት ጋር ደምራችሁ ያህል አንሱት። ምሳሌ፦ 30 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ሻፍት በሜትር 5.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1 ሜትር ከወጣና ፍላንጁ 3 ኪሎ ከሆነ፣ ሚዛኑ 5.75 ኪሎ ማንበብ አለበት።
3. ሁለቱን ፍላንጆች አቀራርቡ። አንዱ ሌላው ውስጥ ሳይገፋ፣ ሳይጎረብጥ መግባት አለበት። ካልገባ ሞተሩን ሙሉውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አምጡት።
4. ፊቶቹ እንዲነካኩ አድርጉና ክፍተቱን በፊለር ጌጅ በአራት ቦታ ለኩ፦ ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ። አራቱንም ጻፉ።
5. በትልቁና በትንሹ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ለ100 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለ125 ሚሊ ሜትር 0.125 ነው።
6. ከበለጠ ይህን ሕግ ያዙ፦ የሞተሩ አፍንጫ (የፊት ጫፉ) ክፍተቱ ወዳለበት ይሄዳል። ከታች ከሰፋ የፊቱን እግሮች ዝቅ አድርጉ። ከላይ ከሰፋ ከፍ አድርጉ። በቀኝ ከሰፋ የሞተሩን ፊት ወደ ቀኝ ግፉ። የመቀመጫውን ዳዶ ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ እንደገና ለኩ።
7. ልኩ ሲመጣ ዳዶዎቹን አጥብቁና እንደገና ለኩ። ማጥበቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ያዛባዋል።

*ልኩ አልመጣ ካለ፦* የካምቢዮውን ፍላንጅ ሳትነኩ የሻፍቱን ፍላንጅ ብቻ 90 ዲግሪ አዙሩና ለኩ። ሰፊው ክፍተት በቦታው ከቀረ የአሰላለፍ ችግር ነው፤ ቀጥሉ። ክፍተቱ ከሻፍቱ ጋር አብሮ ከዞረ ግን ሻፍቱ ጎብጧል ወይም ፍላንጁ ቀጥ አላለም። ሞተሩን ዓመቱን ሙሉ ብታንቀሳቅሱት አይስተካከልም። ሻፍቱንና ፍላንጁን አንድ ላይ ቶርኖ ቤት ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ የሞተር መቀመጫ ጎማ

ጎማውን በጥፍር ጫኑት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ናፍጣ ጠጥቶ ካበጠ ቀይሩት። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ክብደቱን እኩል አይሸከምም።

ስትገዙ የሞተሩንና የካምቢዮውን ክብደት፣ የሲሊንደሩንም ብዛት ተናገሩ። ጎማ በሞተሩ ክብደት ትንሽ መርገብ አለበት፤ 4 ሚሊ ሜትር የረገበ ጎማ ከሞላ ጎደል ከ11 ኸርዝ (በሰከንድ 11 ምት) በላይ ያለውን ንዝረት መቀነስ ይጀምራል። ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ በ1,800 ዙር ዋናው ምቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ ያ ጎማ በደንብ ይይዘዋል። «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ለትልቅ ሞተር የተሠራ መግዛት የተለመደ ኪሳራ ነው። ጎማው ካልረገበ ብረት በብረት ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። ሞተሩ ከፍ እንዲል ዳዶውን ቡሎኑ ጫፍ ድረስ አታውጡት፤ ከጎማው ሥር የብረት ማስደገፊያ አስገቡበት። በተጨማሪ መሠረቱን ፈትሹ። ቡሎን የያዘው እንጨት በስብሶ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ከሆነ ምርጡ ጎማም አያድንም።

ጎማ ከቀየራችሁ አዲሱ ለሁለት ቀን ክብደት ተሸክሞ ይረፍ። ከዚያ ደረጃ 4ን ድገሙት። አዎ፣ እንደገና።

ደረጃ 6፦ ሞተሩ ራሱ

ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ እዚህ 18 በመቶ ገደማውን አጥቷል ማለት ነው። ሐዋሳና ዝዋይም ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው። ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር ይዞ የመጣ ጀልባ እዚህ ላይ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መላው ጀልባ ይንቀጠቀጣል።

ለማረጋገጥ በተለመደው ጭነት ሙሉ ነዳጅ ስጡ። መመሪያው 2,800 ዙር የሚል ሞተር 2,400 ላይ ከቆመ፣ ነዳጅ ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን አይታችሁ የፕሮፔለሩን ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋውን ርቀት) ቀንሱ። 1 ኢንች ሲቀነስ 150–200 ዙር ያህል ይመለሳል።

በሚኒሞ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ሚኒሞውን አምራቹ ወዳለው ልክ መልሱ። ካልተስተካከለ አንዱ ሲሊንደር ሰንፎ ይሆናል። መካኒኮች የነዳጅ ቱቦውን ዳዶ አንድ በአንድ እያላሉ ይፈልጉታል፤ ሲላላ ለውጥ ያላመጣው ሰነፉ ነው። ይህ በአሮጌ ሜካኒካል ፖምፓ፣ በሚኒሞ፣ በመነጽርና በጓንት ብቻ ይሠራል። ኮመን ሬል (ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዘመናዊ) ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት፤ የነዳጁ ግፊት ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል።

ደረጃ 7፦ የጭስ ማውጫ

ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚነቃነቅ ስለሆነ በጠንካራ ብረት ከጀልባው ጋር ከታሰረ፣ ጎማው ያቆመውን ንዝረት ሁሉ በሌላ በር ያስገባዋል። ከሞተሩ አጠገብ ተጣጣፊ ቱቦ አስገቡ፤ ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) ሙቀት በሚችል የጎማ ማንጠልጠያ ስቀሉት። ጋርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚደፍነው ንጣፍ) ዙሪያ ጥቀርሻ ካያችሁ ያፈስሳል። ሳትዘጉት ወደ ደረጃ 8 አትለፉ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ጸጥ ይላል ብላችሁም ቱቦውን አታጥብቡ። ሞተሩ ይታፈናል።

ደረጃ 8፦ አሁን ሸፍኑ

የፍራሽ ስፖንጅ አትጠቀሙ። ናፍጣ ይጠጣል፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ሐይቅ መሐል ሆኖ ሞተር ክፍል ውስጥ የሚነድ ፍራሽ ይታያችሁ።

1. መጀመሪያ ቀዳዳ ድፈኑ። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክዳን ዙሪያውን 2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለው፣ ከስፋቱ 1 በመቶ ክፍት ነው። በዚህ ሁኔታ ክዳኑ የእርሳስ ብረት ቢለብስ እንኳ ከ20 ዴሲቤል በላይ መከላከል አይችልም። ዙሪያውን የበር ጎማ አስሩለት፣ በመቆለፊያ ጭምቅ አድርጎ ይዝጋ። ለገንዘባችሁ ትልቁን ውጤት የምታገኙት እዚህ ነው።
2. የክዳኑን ውስጥ ከ25–50 ሚሊ ሜትር የማይነድ የድንጋይ ሱፍ አልብሱ። ወደ ሞተሩ የሚያየው ፊት ዘይት እንዳይጠጣ በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፈን። መሐሉ ላይ ከባድ ጎማ መሰል ንጣፍ ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ ድምፅን የሚያስቆመው ክብደት ነው። ማጣበቂያ ብቻውን ሙቀት ስለማይችል በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ያዙት።
3. አየር ተዉለት። በፈረስ ጉልበት ቢያንስ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ለ60 ፈረስ ጉልበት 120 ነው። ጣና ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ጨመር አድርጉ። አየሩ የሚገባበትን ሳጥን ሁለት ጊዜ አጥፉት፣ ውስጡን ሱፍ አልብሱት። አየር ይታጠፋል፣ ድምፅ እየተመታ ይደክማል።
4. የሚዘፍነውን ላሜራ ፈልጉ። በዚያ መጥፎ ዙር ላይ እየሄዳችሁ በእጃችሁ እየጫናችሁ ዞሩ። ስትጫኑት ጩኸቱ የሚቆምበት እሱ ነው። መሐሉን ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሸፍን ከባድ ተለጣፊ ንጣፍ ለጥፉበት። ሬንጅ ያለበት የመኪና ንጣፍ ከሞተር ክፍሉ ውጭ ብቻ ይሁን። ወንበር ከሆነ ከእግሩ ሥር ጎማ በቂ ነው።

*ከሸፈናችሁ በኋላ ሞተሩ ከሞቀ ወይም ጥቁር ጭስ ካመጣ፦* ክዳኑን ክፈቱና ሞክሩ። ተከፍቶ ከተሻለው አየር አንሶታል። ክፍተቱን አስፉ፤ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ መሄድ ሥራችሁን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል።

ሞተሩ ከኋላ ለሚንጠለጠል ጀልባ

እንደ ዝዋይና ጫሞ ላይ ላሉት ጀልባዎች ሥራው አጭር ነው። መያዣ ቡሎኖቹን አጥብቁ፤ ሞተሩ የተሰቀለበት ጣውላ በስብሶ እንደሆነ ቆርቁራችሁ ስሙ። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ከጀርባው የዓሣ ማጥመጃ ክር መኖሩን እዩ፤ ክሩ የዘይት መያዣውን ጎማ ቆርጦ ውሃ ወደ ማርሹ ያስገባል። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ገብቷል።

ትልቅ መርከብ ላይ ለምትሠሩ

አሰላለፉን በራሳችሁ አትነካኩ፤ የዋና መሐንዲሱ ሥራ ነው። ማወቅ ያለባችሁ ገደቡን ነው። ከሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የጩኸት ደንብ፣ 1,600 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ ለሆኑ አዳዲስ መርከቦች የሞተር ክፍልን በ110 ዴሲቤል፣ የመቆጣጠሪያ ክፍልን በ75፣ የመርከብ መሪውን ክፍል በ65 ይገድባል። የመኝታ ክፍል እንደ መርከቡ መጠን 60 ወይም 55 ነው። መኝታችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ በስልክ ለክታችሁ፣ ሰዓቱንና የሞተሩን ዙር ጽፋችሁ ለመሐንዲሱ ስጡ። ከ85 በላይ ወደሆነ ክፍል ያለ ጆሮ መከላከያ አትግቡ።

ሥራው ካለቀ በኋላ

በደረጃ 1 ያደረጋችሁትን መለኪያ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ጭነት ድገሙ። አዲስ ጎማ እየረገበ ስለሚሄድ ከ50 የሥራ ሰዓት በኋላ የፍላንጁን አራት ክፍተቶች እንደገና ለኩ። በዚያው የእያንዳንዱን ዳዶ ቦታ በጠመኔ ወይም በቀለም አስምሩ፤ መስመሩ ተሰብሮ ካያችሁት ያ ዳዶ እየላላ ነው።